የአንገት ዲስክ ቀዶ ሕክምና፦ በዕለቱ መውጣት ወይስ ማደር? ከጀበል ለሚነሣ ታካሚ የተዘጋጀ መመሪያ

የአንገት ዲስክ ቀዶ ሕክምና የተወሰነለት ሰው ከሐኪሙ ጋር ከሚነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ዕለት ከሆስፒታል ይወጣል ወይስ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል የሚለው ነው። የመጀመሪያው በተመላላሽ መታከም፣ ሁለተኛው ተኝቶ መታከም ይባላል። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚታየው በወጪ በኩል ሲሆን፣ የአልጋ ሒሳብ የሚቀንሰው መንገድ ይመረጣል። በጁባ ምዕራብ በኩል፣ ስሙን ከድንጋያማው ተራራ በወሰደው በጀበል ሰፈርና በገበያው ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ይዞ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን፣ በአዲስ አበባ ሲታከም ‹‹በዕለቱ ወደ ቤት መሄድ›› የሚለው አነጋገር ትርጉሙን ያጣል፤ ቤቱ ያለው ሁለት ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ተበርሮ ነውና። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁለቱን መንገዶች የሚያነጻጽረው በአልጋ ሒሳብ ሳይሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታካሚውን አንገት የሚያይ ዓይንና አስፈላጊ ሲሆን ቁስሉን የሚከፍት እጅ ምን ያህል ቅርብ ነው በሚለው መለኪያ ነው።

አንደኛ፦ ቀዶ ሕክምናው ማስፈለጉን ማረጋገጥ

የሰው አንገት ሰባት አጥንቶች ያሉት ሲሆን፣ ከላይ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በስተቀር በየሁለቱ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል፣ ዙሪያው ጠንካራ መሃሉ ለስላሳ የሆነ ትራስ ይገኛል። ዲስኩ በዕድሜ ሲደርቅ ወይም ዙሪያው ሲሰነጠቅ ለስላሳው ክፍል ወደ ኋላ ይገፋና ከሁለት ነገሮች አንዱን ይጫናል። ወደ ክንድ የሚወጣውን የነርቭ ሥር ከተጫነ ሕመሙ ከአንገት ተነሥቶ በትከሻ በኩል እስከ ጣት ይወርዳል፣ መደንዘዝንም ያስከትላል፤ ይህም በብዛት የሚታየው በ5ኛውና በ6ኛው፣ ወይም በ6ኛውና በ7ኛው አጥንት መካከል ነው። ሕብለ ሠረሠርን፣ ማለትም ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደውን ዋና የነርቭ ገመድ ከተጫነ ግን፣ ሕመሙ ቀላል ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ዓይነት በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚሻል፣ ክንዱ እየደከመ ያልሄደ ሰው ስድስት ሳምንት ያህል በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ መቆየቱ የተለመደ አሠራር ነው። ሁለተኛው ዓይነት መቆየትን አይወድም። ምልክቱም ሕመም ሳይሆን የእጅ አለመታዘዝ ሊሆን ይችላል፤ በጀበል ገበያ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በጥቅል በጥቅል ስለሚቆጠር፣ ለዓመታት እያወራ ሲቆጥር የኖረ ነጋዴ ኖቶቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ከጣቱ ሲያመልጡትና ቆጠራውን ደጋግሞ ከመጀመሪያው ሲጀምር፣ ድካም ነው ብሎ ከማለፉ በፊት የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያስቸግር፣ እግር ሲጎተት ወይም ሽንት ለመቆጣጠር ሲያቅት ደግሞ ጉዳዩ የቀጠሮ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ አጣዳፊ ይሆናል።

በዚህ ደረጃ ሁለት ጥንቃቄዎች አይዘለሉም። አንደኛው፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያለበት የአንገት ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ ኤምአርአይ የተባለው የነርቭና የአከርካሪ ምስል ሳይነሣ ‹‹ዲስክ ነው›› የሚለውን ቃል አለመቀበል ነው። ሁለተኛው፣ አንገትን ለወጌሻ አለመስጠት ነው፤ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚትን የሚያሽ ባለሙያ ክብሩ የተጠበቀ ሆኖ፣ ሕብለ ሠረሠር የተጫነበት አንገት ሲጠመዘዝ የሚደርሰው ጉዳት የማይመለስ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፦ የሚደረገውን ነገር በትክክል መረዳት

በብዛት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የሚከናወነው በአንገት ፊት በኩል ነው። ዘዴውን ስሚዝና ሮቢንሰን እንዲሁም ክላዋርድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። በአንገት ቆዳ መጨማደጃ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ይቀደዳል፤ የአየር ቧንቧውና የምግብ ቧንቧው ወደ አንድ ጎን፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር ወደ ሌላው ጎን በቀስታ ይገፋሉ፤ ከዚያም ዲስኩ ወጥቶ በቦታው አጥንት ወይም ኬጅ የሚባል ትንሽ ማቆሚያ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም በፕሌትና በብሎን ይታሠራል። በኋላ ሁለቱ አጥንቶች ተያይዘው አንድ ይሆናሉ። ሰው ሠራሽ ዲስክ መትከል ወይም በማጅራት በኩል ገብቶ ነርቩን ማስለቀቅም አለ፤ ስለዚህ ታካሚው ‹‹የሚከፈተው በፊት ነው በኋላ? ስንት ዲስክ ነው?›› ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ከሁሉ በላይ የሚመለከተው በፊት በኩል የሚከፈተውን ነውና።

የደኅንነቱ ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ ከቦታው ጠባብነት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጥቂት ደም ቢፈስ በሌላ የሰውነት ክፍል እብጠትና መበለዝ ብቻ አስከትሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በአንገት ውስጥ ግን የተጠራቀመው ደም የአየር ቧንቧውን ይጫናል። ይህ በውስጥ የሚቋጠር ደም በሐኪሞች ዘንድ ሄማቶማ ይባላል። የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ ሲያጋጥም ጊዜ የሚሰጠው በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ ሊሆን ይችላል። ተመላላሽና ተኝቶ በሚታከም ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህች ነጥብ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የድምፅ መጎርነን፣ መጠነኛ የመዋጥ ችግር ወይም የቁስል መመርቀዝ ታካሚው የትም ቢያድር በማግስቱ ሊታከም የሚችል ነው።

ሦስተኛ፦ ቁጥሮቹን እንደ ልካቸው ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የ1,015 ታካሚዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከፊት በኩል ከተደረገው ቀዶ ሕክምና በኋላ 9.5 በመቶ የሚሆኑት ለመዋጥ ተቸግረዋል፤ 3.1 በመቶ ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተዳክሞባቸዋል፤ 5.6 በመቶ ደም የተቋጠረባቸው ሲሆን፣ ከጠቅላላው 2.4 በመቶ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ዳግመኛ ተከፍተዋል። በኖርዌይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የ390 ታካሚዎች ጥናት ችግሮቹን ከ6 ሰዓት በፊት፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓትና ከዚያ በኋላ ብሎ በመክፈል፣ ለስድስት ሰዓት በቅርብ ከተጠበቀ በኋላ ማሰናበት እንደሚቻል ደምድሟል። በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ በአንድ የተመላላሽ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ተከታታይ 1,000 ታካሚዎችን የመዘገበውና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያደፋፍር ነው፤ ታካሚዎቹ የሚጠበቁት ለአራት ሰዓት ያህል ሲሆን ከሺው ወደ ሆስፒታል የተላለፉት 8 ብቻ ነበሩ፤ የሞተም አልነበረም።

እነዚህን ቁጥሮች ያነበበ ሰው ተመላላሽ ሕክምና ከመተኛት የበለጠ ደኅንነት አለው ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። ተመላላሽ የሚሆኑት ታካሚዎች ከመጀመሪያው ተመርጠው የሚገቡ፣ በአብዛኛው ጎላ ያለ ሌላ ሕመም የሌለባቸውና አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ብቻ የሚነካባቸው ናቸው፤ ተኝተው የሚታከሙት ደግሞ ቀድሞውኑ የባሰባቸው ስለሆኑ ችግር ቢበዛባቸው ጥፋቱ የአልጋው አይደለም። በተጨማሪም በአንዳንድ የአሜሪካ ጥናቶች እስከ 23 ሰዓት የቆየ ሰው እንኳ ተመላላሽ ተብሎ ይቆጠራል፤ ይኸውም በአማርኛው ‹‹አድሮ የወጣ›› የሚባለው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የናሽቪሉ ታካሚ ችግር ቢገጥመው ስልክ ደውሎ አምቡላንስ የሚመጣለት፣ በተስተካከለ መንገድ ወደ ሆስፒታል የሚደርስ ሰው ነው። ቁጥሩን ወስዶ አምቡላንሱን መተው አይቻልም።

አራተኛ፦ የትኛው ታካሚ ለየትኛው እንደሚሆን መለየት

በዕለቱ ለመውጣት ሊታሰብ የሚችለው የሚነካበት ዲስክ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሆነ፣ ሕብለ ሠረሠሩ ያልተጎዳ፣ የልብና የሳንባ ሕመም የሌለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የማይወስድ፣ ቀዶ ሕክምናው በጠዋት ተጀምሮ ያለችግር ያለቀለትና አብሮት የሚያድር ትልቅ ሰው ያለው ታካሚ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ዲስክ የሚነካበት፣ ቀድሞ በአንገቱ ፊት የተቀደደ፣ ሕብለ ሠረሠሩ የተጫነበት፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ በጣም የወፈረ፣ ወይም በእንቅልፉ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያንኮራፋ ሰው ማደር ይኖርበታል። ስለ ማንኮራፋት የሚጠየቀው ራሱ ታካሚው ሳይሆን አብሮት የሚተኛው ሰው መሆኑን ማስታወስ ይበጃል፤ አንኮራፋለሁ ብሎ የሚያምን ብዙ የለምና።

ከጀበል የመጣ ታካሚ የሕክምናውን መስፈርት ሁሉ ቢያሟላ እንኳ የቦታው መስፈርት ይቀረዋል። በአዲስ አበባ የሚያርፍበት ክፍል ከሆስፒታሉ በመኪና ከ15 ደቂቃ የማይርቅ፣ በሌሊት የሚከፈት በር ያለው፣ መኪና ተዘጋጅቶ የሚቆምበት ካልሆነ፣ አንድ ሌሊት መተኛቱ ከሁሉ ርካሽ ነው። ለአየር ትኬትና ለሁለት ሳምንት ማረፊያ ገንዘብ መድቦ የአንዲት ሌሊት አልጋ ላይ የሚቆጥብ ሰው፣ ሒሳቡን ከተሳሳተው ጫፍ ጀምሮታል።

አምስተኛ፦ ሆስፒታሉን መጠየቅ

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ የማሠልጠኑ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በሕዝቡ ዘንድ ኮሪያ ሆስፒታል የሚባለው ሚዩንግሰንግ ከኖርዌይ በርገን ከተማ ሐኪሞች ጋር ተባብረው የመሠረቱት ነው። ከዚያ ወዲህ የሠለጠኑት ሐኪሞች በመንግሥትም በግልም ሆስፒታሎች ስለሚሠሩ፣ ታካሚው የሚመርጥበት ዕድል ከቀድሞው ሰፍቷል። የሆስፒታል ስም ግን ለጥያቄ ምትክ አይሆንም፤ ቀዶ ሕክምናው በጁባም ይደረግ በአዲስ አበባ ጥያቄዎቹ አንድ ናቸው። በሌሊት በግቢው ውስጥ የሚያድር የማደንዘዣ ባለሙያ አለ? ደም ቢቋጠር ቁስሉን እዚያው አልጋው ላይ ሊከፍት የሚችል ሐኪም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማን ነው? የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነፃ አልጋ አለው? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ በስንት ደቂቃ ይነሣል? ደም ተዘጋጅቷል? እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ቢያጋጥም፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ከጁባ ከመነሣት በፊት የኤምአርአይ ምስሉ በሲዲ መያዝ አለበት፤ የተጻፈው ውጤት ብቻውን አይበቃም፣ ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ምስሉን ነው። የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሁሉ ከነመጠናቸው ይጻፋሉ፤ አስፕሪንና ዋርፋሪንን የመሳሰሉ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች የሚቋረጡበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ታካሚው አይደለም። ለሕመም ተብሎ በየፋርማሲው የሚወጋው ዳይክሎፌናክም ደም የመርጋት ኃይልን ስለሚቀንስ መነገር አለበት። ሲጋራና ሺሻ የአጥንቱን መያያዝ ስለሚያዘገዩ አስቀድሞ መተው ያስፈልጋል።

የሰዓት ጉዳይም ቀላል አይደለም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2021 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የምትቆጥር ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሰዓትን ከንጋት ይቆጥራል። ‹‹በ2 ሰዓት ይምጡ›› የተባለ ታካሚ የጠዋቱ 2 ሰዓት በስልኩ ላይ 8:00 ተብሎ የሚጻፈው መሆኑን፣ ስልኩም የአዲስ አበባን ሰዓት መያዙን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ጠጣር ምግብ ከማደንዘዣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መቆም ስላለበት፣ የሰዓት ስሕተት ቀጠሮን እስከ ማሰረዝ ይደርሳል። ጾመኛ ታካሚም ቢሆን የሐኪሙ ጾም ሌላ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ የጾም ሽሮ በእንጀራ በማደንዘዣ ባለሙያው ዘንድ ጠጣር ምግብ ነው።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያው ሌሊት

ታካሚው ሆስፒታልም ያድር ማረፊያ ክፍል፣ የመጀመሪያው ሌሊት የሚጠበቅበት ሥርዓት አንድ ነው። ዝግጅቱ የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው፤ አስታማሚው የታካሚውን አንገት ከፊትና ከጎን በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ታካሚው ከአንድ እስከ አሥር ሲቆጥር ድምፁን ይቀዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ያንኑ ፎቶ ከዚያው ርቀት ማንሣትና ያንኑ ቁጥር ማስቆጠር፣ በደከመ ዓይንና በእንቅልፍ ጆሮ የማይያዘውን ለውጥ ያሳያል። ታካሚው ጭንቅላቱና ደረቱ ወደ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው፣ ትራስ ከጭንቅላት ሥር ከመደራረብ ይልቅ ከወገብ ጀምሮ በተዳፋት ተደግፎ ይተኛል።

መጠነኛ የጉሮሮ ሕመም፣ የድምፅ መጎርነንና ሲዋጥ የሚሰማ መቆርቆር የሚጠበቁ ናቸው፤ በቀናት ውስጥም ይቀንሳሉ። የሚያስፈራው ከሰዓት ወደ ሰዓት እየባሰ የሚሄደው ነው። አንገቱ እየጠነከረና እያበጠ ሲመጣ፣ የአንገት መደገፊያው ወይም ፋሻው ከቀድሞው ሲጠብቅ፣ ታካሚው ምራቁን መዋጥ አቅቶት በጨርቅ ሲጠርግ፣ ጋደም ማለትን እምቢ ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያጎነብስ፣ ድምፁ በአፉ ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ሲታፈን ወይም ሲተነፍስ ፉጨት ሲሰማ፣ ይህ እስኪነጋ የሚጠበቅ አይደለም። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደኅና ቁጥር ማሳየቱ ሊያዘናጋ አይገባም፤ ቁጥሩ የሚወርደው ዘግይቶ፣ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ሲቃረብ ነው። የእጅ ወይም የእግር አዲስ መድከምም እንደዚሁ አጣዳፊ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው አጭር ነው። በሆስፒታል ከሆነ ነርሷ ወዲያው ትጠራለች፣ ካልመጣች በኮሪደሩ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጎ መጮኽ ነውር አይደለም። በማረፊያ ክፍል ከሆነ የአንገት መደገፊያው ይላላል፣ ታካሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ውኃም ምግብም አይሰጠውም፣ መኪናው ይነሣል፣ በመንገድ ላይ ለሐኪሙ ይደወላል። በር ላይ ለሚቆመው ጥበቃም ሆነ ለካርድ ክፍሉ የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ‹‹ዛሬ አንገቱን ተቀዷል፣ መተንፈስ አልቻለም።›› ተራ መያዝና ካርድ ማውጣት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደም የሚቋጠረው በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆንም አልፎ አልፎ ከቀናት በኋላም ስለሚከሠት፣ ይህ ምልክት በሳምንቱም ቢታይ ትእዛዙ ያው ነው።

ስለ ምግብና ስለ ጠያቂም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ለታመመ ሰው ገንፎ ማገንፋት የተወደደ ልማድ ነው፤ ይሁንና ወፍራምና የሚያጣብቅ ትኩስ ምግብ በእነዚህ ቀናት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ ቀጭን ሾርባ፣ እርጎና በደንብ የራሰ አልጫ ፍትፍት ይሻላሉ፤ በርበሬው ጥቂት ቀን ይቆይ። ጠያቂ ቤቱን ሲሞላ ታካሚው በአክብሮት ሁሉን ለማነጋገር ስለሚሞክር ድምፁን ያደክማል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንድ ሁለት ሰው በላይ አለማስገባት ባለጌነት ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

ሰባተኛ፦ ወደ ጁባ መመለስ

የመመለሻ ትኬቱ መቆረጥ ያለበት ቁስሉ ከታየ በኋላ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። አስቀድሞ መግዛት ግድ ከሆነ ቀኑን የሚቀያይሩበት ትኬት ጥቂት ቢያስከፍልም ይሻላል፤ ምክንያቱም በጁባ ሆኖ ቀዶ ሐኪሙን ማግኘት የሚቻለው በስልክ ብቻ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣውን የሚያነሣ ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ጀበል ገብቶም ሃያ ሊትር ጄሪካን ማንሣት፣ የጤፍ ጆንያ መሳብና ከመደርደሪያ በላይ ዕቃ ማውረድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይቻልም። ቦዳቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ በተለይ ዝናቡ መንገዱን በሚሸረሽርበት ወራት፣ ለዚህ አንገት የተፈጠረ መጓጓዣ አይደለም፤ ቢያንስ አጥንቱ መያያዝ መጀመሩ በራጅ እስኪታይ ድረስ መኪና ይመረጣል።

በጁባ ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም የሚያስበው ወባን ነው፤ ትክክልም ነው፣ ምርመራውም መደረግ አለበት። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የቁስል መመርቀዝ ወይም የምግብ ቧንቧ መበሳት ምልክትም ሊሆን ስለሚችል፣ የወባው ውጤት ምንም ቢሆን ቁስሉ መታየት አለበት፤ በተለይ መዋጥ እንደገና ካስቸገረ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ የወባ መድኃኒት ውጦ መጠበቅ አይገባም። ዳይክሎፌናክን በራስ ፈቃድ መወጋትም ቀዶ ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይደረግም፤ አጥንቱ በሚያያዝበት ወቅት እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን የሚከለክሉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ታካሚው በእጁ መያዝ ያለበት ወረቀት የተነካውን ዲስክ ቁጥር፣ በአንገቱ የገባውን ኬጅና ፕሌት ዓይነትና የተሠራበትን ብረት፣ ማደንዘዣ ሲሰጥ የአየር ቧንቧ ማስገባቱ አስቸግሮ እንደሆነና የሐኪሙን ስልክ የያዘ መሆን አለበት። የብረቱ ዓይነት የሚያስፈልገው ወደፊት በሌላ አገር ኤምአርአይ ሲታዘዝ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ስለሆነ ነው። ወረቀቱ በፎቶ ተነሥቶ በጀበል ለሚኖር ለአንድ የቅርብ ሰው ቢላክ፣ ቀን ሲከፋ ከታካሚው ስልክ ውጭም የሚገኝ ይሆናል።